ያልተለቀለቀ አውድማ

ንፋስ መውጫ ውስጥ ለትምህርት ቤቶች ሶፍትዌር የምናዘጋጅ ሁለት ሰዎች ነበርን። አንድ ሶፍትዌር ከምን ተነሥቶ እንዴት እንደሚገነባ ለኮምፒውተሩ የሚነግረው ፋይል የሚጻፍበትን ደንብ አውጥተን ግድግዳው ላይ ለጥፈናል። መጀመሪያ ስሙ፣ ቀጥሎ ምንጩ፣ ከዚያ የሚያስፈልጉት ነገሮች፣ በመጨረሻ ሥራው። ሥራው ደግሞ የሚጀምረው የድሮውን ፎልደር ጠርጎ በማጥፋት ነው።

አንድ ቀን ባልደረባዬ የጻፈው ፋይል በእሱ ኮምፒውተር ላይ ደህና ሠርቶ በእኔ ላይ እምቢ አለ። ከፍቼ ሳየው የመጥረጊያዋን መስመር ዘሏታል። ለካ ሲገነባ የከረመው ካቻምና በተረፈው ትርፍራፊ ላይ ነው። ስሙ እንኳ ከሌላ ፋይል እንደተገለበጠ ቀርቷል።

እኔ አፈር ከእህሉ እንዳይገባ አውድማ በእበት ስለቀልቅ ያደግሁ የጋይንት ሰው ነኝ። እበቱ እስከ ክርኔ ሲደርስ አንድም ቀን አልተጸየፍሁም። ይኼን ፋይል ግን ተጸየፍሁት።

እሱም የእስቴ ገበሬ ልጅ ነውና፣ «እናንተ አገር ገብስ የሚወቃው ባልተለቀለቀ አውድማ ነው?» አልሁት።

«ኧረ ይለቀለቃል» አለኝ፣ ዓይኑን ከኮምፒውተሩ ሳያነሣ። «እሱን እኮ የምንበላው እኛው ነን።»