ገዳም ነበር የተባለው ሆቴል

«እባክዎ ጫማዎን ያድርጉ» አለኝ ዛሬ ጠዋት የሆቴሉ አስተናጋጅ። አላደርግም አልሁት።

ልጄ ሰላም ከምኖርበት ከተማ ከሆፕኪንስ ይዛኝ የመጣችው እዚህ ሳንቶ ዶሚንጎ፣ አሮጌው ከተማ መሃል ነው። ውጭው ከማለዳ ጀምሮ ሙዚቃ በሙዚቃ ነው።

ሆቴሉ ድሮ ገዳም ነበር ይላሉ። እኔ ለእንግዳ የሚነገር ታሪክ ቶሎ አላምንም። የምኖርበትን አፓርትመንትም ሲያከራዩኝ ጸጥ ያለ ነው ብለውኝ ነበር።

ስለዚህ ግድግዳውን እየዞርሁ መረመርሁ። ቁርስ ቤቱ ውስጥ፣ ከመጠጥ መደርደሪያው አጠገብ፣ ድንጋዩ ላይ የተቀረጸ መስቀል አገኘሁ። በጣቴ ዳሰስሁት፤ የዛሬ ሥራ አይደለም። ያን ጊዜ ጫማዬን አወለቅሁ።

«ዳዲ ፕሊስ፣ ሰው እያየን ነው» አለች ሰላም።

«ይየን። ማን ፈቅዶላቸው ነው እዚህ ቢራ የሚሸጡት?»

«አይ ዶንት ኖው። ዓመት ሙሉ ካንተ ጋር ልምጣ ብዬ ያሰብኩት ቫኬሽን ነው፣ አታበላሽብኝ።»

ጫማዬን በእጄ ይዤ ወጣሁና ደጅ ደረጃው ላይ ተቀመጥሁ። ትንሽ ቆይታ ሰላም ሁለት ሳህን ይዛ መጣችና አጠገቤ ተቀመጠች። አብረን በላን።

እናንተስ፣ ያደራችሁበት ሆቴል ቀድሞ ምን እንደነበረ ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ? የነገሯችሁንስ አመናችሁ?