ስልሳ ሳጥንና ስድስት ሳጥን

አናጢው ሌላ ሰው የለካውን እንጨት ቆርጦ አያውቅም። ሚስቱ «የገዛ ጥላውን አያምንም» ትለዋለች። የምርጫ ሳጥን እንዲሠራ ሲታዘዝ ወረቀቱን ሦስቴ አነበበው። ለሺህ መራጭ አንድ ሳጥን፤ ለእነሱ ወረዳ ስልሳ፣ ለወንዝ ማዶው ስድስት።

«ይቺ ነገር አልጣመችኝም» አለው ትእዛዙን ያመጣውን ጸሐፊ። «ማዶ ስንት እንደራሴ ይልካል?»

«አንድ።»

«እኛስ?»

«አንድ። ሕጉ ለየወረዳው አንድ ነው የሚለው፣ ጋሼ።»

«አሥር እጥፍ ሆነን?»

ጸሐፊው ፈገግ ብሎ ወጣ። ፈገግታውም አልጣመውም።

ሳጥኖቹን ባስረከበ ማግስት ሚስቱ አልጋቸውን ሲፈታታ ደረሰችበት።

«አንተ ሰውዬ፣ ምን ነካህ?»

«ማዶ ልንገባ ነው። እዚህ አሥር ሆነን አንድ የማዶ ሰው ብናክል ነው፤ እዚያ ግን ብቻዬን አሥር ነኝ።»