የአሰጋሽ የመድረክ ባል

አሰጋሽን በዚያ መጠለያ የማያውቃት አልነበረም፤ መከራዋም ይኸው ነበር። በሰባ ሰባት ዓመተ ምሕረት፣ ከገዳሪፍ ወጣ ብሎ በጥቁር አፈር ላይ በተተከለው የድንኳን መንደር፣ ሰው የሚበላው ቢያጣም የሚያወራው አላጣም። ወሬውም የእሷ ትዳር ነበር። ያውም ከማን ጋር? ከአንዳርጋቸው ጋር!

አንዳርጋቸው ባሏ አልነበረም። ሆኖም አያውቅም። ሁለቱም ጎንደር ውስጥ የአንድ ኪነት ቡድን ባልደረቦች ነበሩ፤ ቡድኑ ሰባት ዓመት ሙሉ ከቋራ እስከ መተማ ይዞት የዞረ አንድ ሙዚቃዊ ተውኔት ነበረው። እሷ የሸክላ ሠሪ ልጅ ትሆናለች፣ እሱ ከወንዝ ማዶ ያለ ነጋዴ። ሲተዋወቁ፣ ሲለያዩ፣ መጨረሻ ላይም ሲገናኙ ያችው አንዲት ዜማ ትመጣለች፦

ወንዙ ሞልቶ ሳለ መንገድ ቢከለክለኝ፣
ማዶ ያለው ድምፅህ ይዞ አሻገረኝ።

ይህችን ሰምቶ ዓይኑን ያልጠረገ ገበሬ አልነበረም። አንዳርጋቸው መልሱን መዝፈን ሲገባው ሁልጊዜ ያረፍዳል። ስንፍና ነው፣ ሌላ ምንም አይደለም! ሕዝቡ ግን “ፍቅር አንደበቱን ይዞበት” እያለ ይንሰቀሰቃል። አሰጋሽ ደግሞ ስትዘፍን ወደ መጋረጃው ዞር ማለት ታበዛለች። አዘጋጁ በየልምምዱ “ፊትሽን ወደ ሕዝቡ!” እያለ ይጮኽባታል፤ ሕዝቡ “አፍራ ነው፣ ጨዋ ልጅ” ይላል። ከመጋረጃው ጀርባ ዋሽንት የሚነፋው ታምሬ ነበር። ባሏ እሱ ነው። ፊቱን ግን ከቡድኑ ሰዎች በቀር ተመልካች አይቶት አያውቅም።

ረኃቡ ሲከፋ ሦስቱም አብረው ወጡ። መተማ ሲደርሱ ታምሬ የታመሙ እናቱን ሊያመጣ ተመለሰ። “አንቺ ቅደሚ፤ አንዳርጋቸው አለልሽ፣ እደርስባችኋለሁ” አላት። አንዳርጋቸው አለልሽ! ይህችን ቃል ስንት ጊዜ እንደረገመቻት እሷና ፈጣሪ ያውቃሉ።

መጠለያው ሲደርሱ ኢንቲሳር የምትባል ሱዳናዊት መዝጋቢ ስሟን ጠየቀቻት። አሰጋሽ “ባሌ ታምሬ ይባላል፣ ከኋላ ነው” ከማለቷ ሰልፈኛው በሙሉ “ኧረ ባሏስ ይኸው!” ብሎ አንዳርጋቸውን ወደ ፊት ገፋው። እሱስ ምን አለ? ምንም። ከዚያ ሁሉ መንገድ በኋላ ቁሞ ነበር የሚያንቀላፋው። ኢንቲሳርም በዐረብኛዋ “ኸላስ፣ በቃ” ብላ ሁለቱን ባልና ሚስት አድርጋ በአንድ የራሽን ካርድ ጻፈቻቸው።

ከዚያ ወዲያ የሆነው ያናድዳል። ማሽላና ዘይት የሚሰጠው ባልና ሚስት አብረው ሲቀርቡ ነው፤ አንዳርጋቸው ደግሞ እዚህም ያረፍዳል። አሰጋሽ ፀሐይ አናቷን እየበሳት ትጠብቀዋለች፤ ሰው ሁሉ ስፍሩን ይዞ ከሄደ በኋላ ጌታው ዓይኑን እያሸ ይመጣል። ከድንኳኑ አስወጥታ ከወንደላጤዎቹ ጋር እንዲያድር ስታደርገው ደግሞ ሽማግሌ ተላከባት።

“ልጄ፣ ትዳር መቻቻል ነው” አሏት ትልቁ ሽማግሌ።

“አባቴ፣ ባሌ አይደለም!”

“ስትጣሉ እንዲህ ይባላል። እኛም ብለናል።”

ሦስት ጊዜ መጡ። ሦስት ጊዜ አስታርቀዋት ሄዱ፤ በሦስተኛው አንዳርጋቸውን ግንባሯን አሳሙት። እሱም ሳመ! “ምን ላድርግ፣ ሽማግሌ አይረገጥ” አለ በኋላ፣ ጆሮውን እያከከ።

ኢንቲሳር ካርዱን ለመለየት ከራሳችሁ ሌላ ሁለት ምስክር ይበቃኛል ብላ ነበር። አሰጋሽ ድንኳን ለድንኳን ዞረች። የሰፈሩ ተጠሪ እትዬ ውባየሁ ተውኔቱን ሦስት ጊዜ ያዩ ሴት ናቸው። “እኔ ትዳር አፍርሼ ከእግዜር ልጣላ? በዓይኔ አይቻችሁ!” አሏት።

“ያዩት ጨዋታ ነው፣ እትዬ።”

“እንዲያ አድርገው አይጫወቱም።”

የአሰጋሽ ጭንቅ ስፍሩ አልነበረም። ታምሬ መጥቶ ይህን ቢሰማስ? ሴት ልጅ በረኃብ ዘመን ባል ለወጠች ቢሉት የማያምን ማን አለ? ይህ ብቻ ነበር እንቅልፍ የነሳት።

በጥር አንድ ቀን ረፋዱ ላይ፣ ውኃ ሰልፍ ላይ ቆማ ሳለ እትዬ ውባየሁ ደስ ብሏቸው መጡ።

“አንድ ዋልጌ መጥቶ ባሏ ነኝ አይል መሰለሽ! አባረርኩልሽ።”

የአሰጋሽ ጀሪካን ከእጇ ወደቀ። “ምን ዓይነት ሰው?”

“ከሲታ ነው፤ ዋሽንት ወገቡ ላይ ሽጧል። ባሏማ አንዳርጋቸው ነው፣ ካርዳቸውም አንድ ነው አልኩት። ‘እሱ ነው እንዴ?’ አለ። ኋላ ‘እናቴም አረፉ፣ በሰላም ይኑሩ በሏቸው’ ብሎ ወደ ከሰላ ከተማ የሚሄደውን ሎሪ ሊጠብቅ ወጣ።”

አንዳርጋቸው ከሰልፉ አጠገብ ተጋድሞ ነበር። አሰጋሽ ዘወር ስትል ቦታው ባዶ ነው። መቼም ስትፈልገው ተገኝቶ አያውቅ! ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ ብቻዋን ሮጠች። መንገዱ ዳር ስትደርስ የሎሪው አቧራ ብቻ ቀርቷል። እዚያው አፈሩ ላይ ቁጭ ብላ ታምሬንም፣ አንዳርጋቸውንም፣ ያችን ዜማም እያማረረች አለቀሰች።

ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል ሁለት ሰዎች በመንገዱ ሲመጡ አየች። አንዳርጋቸው ባዶ እግሩን ነው፣ ጉልበቱ ተላልጧል። ታምሬን እንዳያመልጠው እጁን ጥርቅም አድርጎ ይዞታል።

“በአቋራጭ ሮጬ ሎሪው ፊት ተጋደምኩ” አለ እያለከለከ። “ሾፌሩ የማያውቃትን እናቴን ሰደበ። ግን ቀደምኩት፣ አሰጋሽ! ቀደምኩት!”

አሰጋሽ አላመሰገነችውም፤ ጊዜም አልነበራት። ታምሬ ላይ ጮኸች።

“ሌላውስ ይሁን፣ መድረክ ነው ያየው። አንተ ታምናለህ? አንተ እዚያው እያለህ?”

ታምሬ መሬት መሬት እያየ “እኔማ ምን አየሁ?” አለ። “ሰባት ዓመት ከመጋረጃ ጀርባ ነበርኩ። የሰማሁት ድምፅሽን ነው። ድምፅሽ ደግሞ እውነት ነበር።”

“እውነት ነበራ! አዘጋጁ ‘ፊትሽን ወደ ሕዝቡ’ እያለ ሲጮኽብኝ አልሰማህም?”

“እሰማ ነበር።”

“ታዲያ ወዴት የዞርኩ መስሎህ ነበር?”

ታምሬ ቀና አለ። እሷም መልስ ሳትጠብቅ ክሳቱን በእጇ እየዳሰሰች ነበር።

በማግሥቱ ሦስቱም ኢንቲሳር ዘንድ ቀረቡ። እትዬ ውባየሁ ግን አሁንም አልመሰክርም አሉ፤ እንዲያውም አዲሱ ሰው የአሰጋሽ ወንድም ሳይሆን አይቀርም ብለው ለኢንቲሳር አስተረጎሙ። ኢንቲሳር ሰልፉን አየች፣ ሰዓቷን አየች፣ ጻፈችው። አሰጋሽ በዚያ መጠለያ በቆየችባቸው ሦስት ዓመታት የገዛ ባሏ በካርድ ወንድሟ ነበር። ማሽላ የሚሰጥ ቀን ግን አንዳርጋቸው ከሁሉም በፊት ተሰልፎ ይጠብቃቸዋል።