የሚስቱን የሥራ ልምድ የጻፈው ባለሶፋ

ባለሶፋው ቅናተኛ መሆኑን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። የማያውቀው እሱ ብቻ ነው። ጎረቤቱ አናጢው አዲስ መጋዝ የገዛ ጊዜ ሦስት ቀን ሙሉ ሰላም አላለውም። ሲጠይቁት "ጥርሴን አሞኝ ነው" አለ።

ሱቁ ጋራዥ ጀርባ ያለች፣ በቆርቆሮ የተከፈለች ክፍል ናት። በር ላይ ስፖንጅ ተደርድሯል፣ መሃል ላይ ልብሱ የተገፈፈ ሶፋ አጥንቱን አሳይቶ ይቆማል፣ ጥግ ላይ ሚስቱ የስፌት መኪናዋ ላይ አጎንብሳለች። እንጨቱን አናጢው ያቀርባል። ባለሶፋው ይለካል፣ ስፖንጅ ይቆርጣል፣ ምስማር ይመታል፣ ከደንበኛ ጋር ይከራከራል። ስፌቱ ግን የሚስቱ ነው። በተለይ የቆዳ ሶፋ ክንዱ ላይ፣ ቆዳው ዞሮ የሚገጣጠምበት ማዕዘን፣ መኪና አይደርስበትም፤ የሚሰፋው በእጅ ነው። ደንበኛ እዛች ቦታ ላይ ሲደርስ በጣቱ ሳይዳብስ አያልፍም። "እጅህ ይባረክ!" ይለዋል። ባለሶፋው "አሜን" ይላል። ሚስቱ ቀና ሳትል ትስቃለች።

ከሦስት ዓመት በፊት ሰው ሁሉ ስለ ውጭ ሲያወራ የሱም ልብ ተነሳ። የራሱ ሥራ ላለው ሰው የተከፈተ መንገድ አለ ተባለ። ሥራህን ይዘህ ትሄዳለህ፣ እዛ ድርጅት ትከፍታለህ፣ ቤተሰብህ ይከተልሃል። ሚስቱን አስከትሎ ፎቶ ኮፒ ቤቱ ጎን ቢሮ ያላት ፎርም ሞይ ሴትዮ ጋ ሄደ።

"ስንት ሠራተኛ አለህ?" አለችው።

"ማንም የለኝ። ዲዛይኑም፣ ቆረጣውም፣ ስፌቱም እኔው ነኝ።"

ፎርም ሞይዋ ሚስቱን አየት አደረገቻት። "እሳቸውስ?"

"እሷ ቤት ናት።"

ሚስቱ መርፌ የበሳሳውን ጣቷን መዳፏ ውስጥ ደበቀች። እንዳለው ተሞላ። ማመልከቻው ግን ዕቅዱ አይበቃም ተብሎ ተመለሰ። ባለሶፋው "ድሮስ ስለ ሶፋ ምን ያውቃሉ!" እያለ አንድ ወር አኮረፈ።

ዘንድሮ ደግሞ አሥራ አንድ ዓመት የሆናት ልጃቸው ስልክ ላይ አንድ ማስታወቂያ አየች። ውጭ አገር ያለ የሶፋ ፋብሪካ ቆዳ በእጅ የሚሰፋ ሠራተኛ ከነቤተሰቡ እንወስዳለን ይላል። ልጅቷ የእናቷን እጅ ሥራ ላይ ቀርጻ ላከች። በሳምንቱ የፋብሪካው ኃላፊ ሥራውን በቀጥታ በቪዲዮ ልይ አለ።

አንድ ሰዓት ሙሉ አየ። ልጅቷ ስልኩን ይዛ፣ ሚስት እየሰፋች፣ ባለሶፋው ከኋላ ቁራጭ ቆዳ እያጣጠፈና እየዘረጋ። በመጨረሻ ከኃላፊው ጋር የነበረው አስተርጓሚ "እንዲህ ያለ እጅ በሃያ ዓመት ሥራዬ አላየሁም ይሉሻል" አለ።

ስልኩ ሳይዘጋ ባለሶፋው "እጅ ብቻ ነው ያየው?" አለ።

"ታዲያ ምን ይይ?" አለች ሚስቱ።

"ሰው ሰዓት ሙሉ እጅ ያያል?"

"አንተ አሥር ዓመት አጠገቤ ቆመህ አላየህም። እሱ አንድ ሰዓት ቢያይ ምን አለበት?"

ከዛን ቀን ጀምሮ እንቅልፉም ምግቡም ቀነሰ። ስልኳ በጮኸ ቁጥር አንገቱ ይሰግጋል። የሥራ ውሉ ሲመጣማ ባሰበት። ሦስቱም ፎርም ሞይዋ ጋ ሄዱ። ሴትዮዋ መነጽሯን አድርጋ አነበበች። "ዋና አመልካች፣ ሚስት። ጥገኛ አንድ፣ ባል። ጥገኛ ሁለት፣ ልጅ።"

"ጥገኛ ማለት?" አለ ባለሶፋው።

"በሳቸው ስም የሚሄድ ማለት ነው። የፎርም ቋንቋ ነው፣ አትቀየም።"

ልጅቷ እጁን ይዛ "አባዬ፣ አይዞህ፣ አንተ እኮ አንደኛ ነህ" አለችው።

ያችኑ ቀን ወሬው አናጢው ጋ ደረሰ። "እህሳ፣ አቶ ጥገኛ! ሻንጣ መሸከም ተለማመድ እንጂ!" እያለ ከቆርቆሮው ማዶ ይጮሃል። ባለሶፋው መዶሻውን አንስቶ የማያስፈልግ ምስማር ይመታል።

ሆኖም ዋናው ጣጣ ገና ነበር። ፋብሪካው ከአሠሪ የተጻፈ የሥራ ልምድ ደብዳቤ ከነማህተሙ ይፈልጋል። የሚስቱ አሠሪ ማነው? እሱ ነው። ፎርም ሞይዋ የድሮውን ፎርም ኮፒ አውጥታ ፊት ለፊቱ ዘረጋችው።

"ይኸውልህ። ያኔም ያመለከትከው ለዚያው አገር ነው፤ ይሄም መዝገብ ኤምባሲያቸው ጋ አለ። ያኔ ብቻዬን ነኝ ብለሃል። አሁን አሥር ዓመት አብራኝ ሠርታለች ብትል አንዱ ውሸት ነው ማለታቸው አይቀርም። እውነቱን አስረድተህ ከጻፍክ እሳቸውና ልጅቷ ያልፋሉ ብዬ አስባለሁ። አንተን ግን ለብቻህ ነው የሚያዩህ። ሊያቆዩህም ይችላሉ።"

"ካልጻፍኩስ?"

"ካልጻፍክ ማንም አይሄድም። ፋብሪካው የሚጠብቀው እስከ ዓርብ ነው።"

ማንም አይሄድም የሚለው ቃል ለጆሮው እንደ ማር ጣፈጠው። ወዲያው ደግሞ አፈረ። ግን ጣፍጦታል።

ሰኞ "ማህተሙ ጠፋብኝ" አላት። ማክሰኞም ጠፋ። ረቡዕ ሚስቱ ከመኪናዋ ቀና ሳትል "ስትራመድ ከቁልፍህ ጋር ይንቋቋል" አለችው። ባለሶፋው ከዛ በኋላ ኪሱን በእጁ ይዞ መሄድ ጀመረ።

ሐሙስ እኩለ ቀን ላይ ደንበኛ አልነበረም። ስፖንጅ ላይ ተቀምጦ ወረቀት ጉልበቱ ላይ ዘረጋ። ለምን እንደጀመረ እሱም አያውቅም፤ ምናልባት ቀኑ ስላለቀ ነው። "ከዚህ በታች ስሟ የተጠቀሰው ሠራተኛዬ..." ብሎ ጻፈ። ቀጥሎ የሥራውን ዝርዝር መጻፍ አለበት። እስክሪብቶው ቆመ።

"አንቺ፣ የቆዳውን ማዕዘን እንዴት ነው የምትሰፊው?"

ሚስቱ መኪናዋን አቆመች። "ቀልድ ነው?"

"ንገሪኝ እንጂ። ልጽፈው ነው።"

"ጠርዙን ከውስጥ በምላጭ አሳሳዋለሁ። እርጥብ ጨርቅ አሳርፍበታለሁ። ሲለሰልስ በጠማማው መርፌ ከመሃል ጀምሬ ወደ ሁለቱም ጎን እሄዳለሁ።"

"ለምን ከመሃል?"

"ከጫፍ ከጀመርክ ትርፉ ቆዳ መጨረሻ ላይ ይሰበሰብና ይጨማደዳል።"

"ማን አስተማረሽ?"

"ያበላሸሁት ቆዳ። አንተ እንኳ 'ቆዳው የማይረባ ነው' ብለህ ከነጋዴው ጋር የተጣላህበት።"

ባለሶፋው ያን ጠብ ያስታውሰዋል። ነጋዴውን ሌባ ብሎት ነበር። አንገቱን ደፍቶ ጻፈ። እየጻፈ ቅናቱ ከፋብሪካው ሰውዬ ላይ ተነስቶ ሌላ ቦታ ሲያርፍ ተሰማው። አሥር ዓመት እዚህች ክፍል ውስጥ፣ እሱ ከደንበኛ ጋር ሲጮህ፣ እሷ ብቻዋን አንድ ነገር አውቃለች። ለሱም አልነገረችውም። እሱም አልጠየቃትም።

"ያኔ ለምን ብቻዬን ነኝ አልክ ይሉኛል። ምን ልበል?"

"እውነቱን።"

"ረስቼ ነው ልበል?"

"ሚስትህን?"

እስክሪብቶውን አነሳ። "ሥራው ሁሉ የኔ ብቻ እንዲመስል ፈልጌ ነው" ብሎ ጻፈና ወረቀቱን ሰጣት። ሁለት ጊዜ አነበበችው። እጇን በቀሚሷ ጠረገች።

"ማህተሙስ?"

ከኪሱ አወጣው።

"ተገኘ?"

"ተገኘ።"

መልሱ በሁለት ወሩ መጣ። ፎርም ሞይዋ እንዳለችው ነው የሆነው። ሚስትና ልጅ ተፈቀደላቸው። የባልየው ጉዳይ ለብቻው ይታያል፣ ቀኑ አልታወቀም። ሴትዮዋ ወረቀቱን በሁለት እጇ ለሚስቱ ሰጠቻትና ባለሶፋውን ላለማየት መሳቢያዋን ከፍታ መፈለግ ጀመረች።

ከቢሮው ወጥተው ደረጃው ላይ ሲደርሱ ሚስቱ ቆመች።

"ያንተ እስኪታይ እንጠብቅ ልበላቸው? ጠብቂ ካልከኝ እጠብቃለሁ። ከልቤ ነው።"

ከልቧ እንደሆነ ያውቃል። የከበደውም እሱ ነው። ጠብቂ የምትለው ቃል ምላሱ ጫፍ ላይ ደርሳለች፣ አፉን መክፈት ብቻ ነው የቀረው። ግን ደግሞ ታየው። ነገ ጠዋት ጥጓ ላይ አጎንብሳ ትሰፋለች፣ ከነገ ወዲያም ትሰፋለች፣ አንድም ቀን ቃል አትናገረውም። ሁልጊዜ ከመናገሯ በላይ የሚፈራው ዝምታዋን ነው።

"ሂጂ" አለ።

"ደስ ብሎህ ነው?"

"ምን ደስ ይለኛል! ቅናት ሊገድለኝ ነው እንጂ። በዚችም እቀናለሁ" አለ ልጁን በአገጩ እያሳየ። "በአውሮፕላኑም እቀናለሁ። ቢሆንም ሂጂ።"

"አባዬ፣ አውሮፕላን ደግሞ ምኑ ያስቀናል?" አለች ልጅቷ።

"ዝም በይ አንቺ። ይዟችሁ የሚሄደው እሱ አይደለም?"

ሚስቱን ሳቅ አፈናትና ደረጃው ላይ ቁጭ አለች። ሳቋ መሃል ላይ ለቅሶ ሆነ። እሱም አጠገቧ ተቀመጠ። ሰው ሲወጣና ሲወርድ እግራቸውን እየሰበሰቡ ትንሽ ቆዩ። ከዛ ባለሶፋው ጉሮሮውን ጠረገና ፋብሪካው ውስጥ በስተቀኟ የሚቀመጠው ወንድ ይሁን ሴት፣ ምሳስ ከማን ጋር እንደምትበላ፣ እንደዋዛ ይጠይቃት ጀመር።

"እኔ ምን አውቄ" አለችው አይኗን እየጠረገች። "ሄጄ እነግርሃለሁ።"