እናቴ ከደጅ የቆመችበት ዓመት

እናቴ ወይዘሮ ውባየሁ ማጠሯን መጀመሪያ ያወቅሁት በቀሚሷ ነው። ጫፉ መሬት መጥረግ ጀመረ። አጠፍኩላት። በዓመቱ ደግሜ አጠፍኩላት። ፈታይ ነበረች፤ ጀርባዋ ከመጉበጡ የተነሳ እንዝርት ለማሾር እንኳ ቀና ማለት አቃታት።

በ፲፱፻፶፰ መስከረም አዲስ አበባ ወስጄ ራጅ አስነሳኋት። ሐኪሙ አጥንቷ ሳስቷል፣ ከወደቀች ትሰበራለች አለኝ። ወተት ትጠጣ አለ፤ ከዓመቱ ግማሽ በላይ ለምትጾም ሴት። ክኒንም አዘዘ። ሦስት ሳምንት ትውጣለች፣ አንድ ሳምንት ታርፋለች። ክኒኑን በከተማችን በሀገረ ሕይወት የሚሰጠን የጤና ጣቢያው ድሬሰር ኦቦ መርጋ ነበር።

በሦስተኛው ወር የወገቧ ሕመም ለቀቃት። ጠዋት ሳላነሳት ተነሳች። እኔ የአውራጃው ጽሕፈት ቤት ታይፒስት ነኝ፤ ስለሷ እያሰብኩ ፊደል መሳሳቴን ተውኩ።

አንድ ሰንበት ጎረቤታችን አየለች፣ «እናትሽ ከኮረዶቹ ጋር ከደጅ ምን ትሠራለች?» ብላ ሳቀችብኝ። ከቤተ ክርስቲያኑ በር ውጭ አንድ ድንጋይ አለ። እዚያ ቆመው የሚያስቀድሱት የወር አበባ ላይ ያሉ ሴቶች ናቸው። እናቴ ግን ካረጠች በኋላ ቆርባ፣ አሥራ አንድ ዓመት ሥጋ ወደሙን ስትቀበል የኖረች ናት። ከዚያ በቀር የምትጓጓለት ነገር አልነበራትም።

ስጠይቃት እግሬን ደክሞኝ ነው አለች። ሙጭጭ ስልባት ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች።

«ደም መጣብኝ። በስድሳ ሦስት ዓመቴ። ምን በድዬው ይሆን?»

በዚያኑ ዕለት ኦቦ መርጋ ዘንድ ሄድኩ።

«የመድኃኒቱ ጠባይ ነው» አለኝ። «ባረፉ ቁጥር ይመጣል። በሽታ አይደለም፣ አዴ ውባየሁ አይፍሩ።»

«ታዲያ ለምን ቀድመው አልነገሯትም?»

«እንዴት ብዬ? እናቴን የሚያህሉ ሴት ናቸው።»

ተናደድኩበት። ግን እኔስ መቼ ነው ከእናቴ ጋር እንዲህ ያለ ነገር ያወራሁት? ሌላ መድኃኒት ይኖር እንደሆነ ጠየቅሁት። የለም አለ። የንስሐ አባታችን ደግሞ፣ «ከመድኃኒትም ይምጣ ደም ደም ነው፣ ልጄ፤ ከደጅ ትቁም» አሉ።

«ከደጅም እግዚአብሔር ይሰማል» አልኳት። «አንቺ ብቻ አጥንትሽን ያዢ።»

«እሺ» አለች። እሷን የማውቅ ሰው፣ እሺ ስትል መፍራት ነበረብኝ።

በየማለዳው ክኒኑን በእጄ እሰጣታለሁ፤ እፊቴ ውሃ ትጠጣለች። በፍልሰታ ቆረበች። ደሙ በራሱ የቆመ መስሎኝ ደስ አለኝ። ጥቅምት ላይ ጀርባዋ ተመልሶ ሲብስባትም ልብ አላልኩም። ኅዳር ላይ እንስራ ላነሳ ብላ ወደቀች። ዳሌዋ ተሰበረ።

አልጋዋን ሳነጥፍ የጥጥ ሙዳይዋን ከፈትኩ። ክኒኖቹ እዚያ ነበሩ፤ እያንዳንዱ በባዘቶ ተጠቅልሎ። ከምላሷ ሥር እያወጣች ለካ ታስቀምጥ ኖሯል። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባላል። አላለቀስኩም፣ አልተቆጣኋትም። ሙዳዩን ከደንኩት።

ለገና ልቁረብ አለች። ጎረቤቶች በቃሬዛ ተሸከሟት፤ እኔ እስከ በሩ ተከተልኩ። ያን ቀን የወር አበባዬ መጥቶ ነበርና ከዚያ ማለፍ አልቻልኩም። ድንጋዩ አጠገብ ስቀር ተሸካሚዎቹን አስቆመቻቸው። አየችኝ፤ ገባት።

«እዚህ ስቆም እግር ነበረኝ» አለች። «አሁን ልግባ።»

ይዘዋት ገቡ። ላዝን ፈለግሁ፤ ልቤ ደንዝዞ እምቢ አለኝ። ቅዳሴው እስኪያልቅ ከኮረዶቹ ጋር ቆምኩ።

«አሁን የገቡት ሴት እናትሽ ናቸው?» አለችኝ አንዷ።

አዎ አልኳት።