ውዴ ሳትሞት የላክሁት መርዶ

ልጄ ውዴ በሕይወት ሳለች ሞተች ብዬ መርዶ የላክሁ እኔ ነኝ። በእውነት ስትሞት ደግሞ ልጇ ስመኝ ለምን እንዳልቀበረቻት እያወቅሁ፣ ለቅሶ ቤት ተቀምጬ ልጅቱን ያስረገምሁ እኔ ነኝ። ይህን ቢቸና ውስጥ የሚያውቅ ሰው የለም። ለነፍስ አባቴ እንኳ ጾም መግደፌን እየነገርሁ ይህን እዘለው ነበር። የምታውቁኝም የማታውቁኝም፣ ይህን የምታነቡ ሁሉ፣ ዛሬ አልዘለውም።

እኔ እህል ነጋዴ ነበርሁ። ለዘመድም ለባዳም የቁናዬን አፍ በእንጨት ጠርጌ እኩል የምሰፍር ሴት ነኝ። ሁለት ሰው በአጥር ሲጣላ እኔን ይጠሩኝ ነበር። ፊደል የቆጠርሁት በመሠረተ ትምህርት ነው፤ ከዚያ ያለፈ ትምህርት የለኝም። ማን ማንን እንደ በደለ ለመለየት ግን ትምህርት አላስፈለገኝም። ታዲያ የራሴን በደል ለመናገር ይህን ያህል ዘመን ለምን ፈጀብኝ?

ስመኝ የውዴ ብቸኛ ልጅ ናት። አባቷ በሕፃንነቷ ትቷቸው ስለ ሄደ እኔ ቤት አደገች። አሥረኛ ክፍል ስትጨርስ ሠርግ በቪዲዮ ከሚቀርጽ ሰው ጋር ሥራ ያዘች። መጀመሪያ መብራት ትይዝለት ነበር፣ ኋላ ካሜራውን ሰጣት። ይህንስ ወድጄው ነበር። ሠርግ ቤት የምትውል ልጅ ጠግባ ትገባለች፣ ሰውም ያከብራታል። ከዚያ አንድ ያረጀ ካሜራ የራሷ አደረገችና ሠርጉን ተወችው። መንገድ እቀርጻለሁ አለች።

«የምን መንገድ?» አልኋት።

«ሰው የሚሄድበትን።»

«ሰው የማይሄድበት መንገድ አለ እንዴ? ምኑ ይቀረጻል?»

«እምዬ፣ ሠርግ ላይ ሰው ለካሜራው ይስቃል። መንገድ ላይ ግን አብሬው ስሄድ ውዬ ይረሳኛል። ያን ጊዜ ነው ፊቱ የሚታየኝ።»

ቀጣሪ የላት፣ ላኪ የላት። ከግንደወይን ሞጣ ከገበያተኛ ጋር በእግሯ ትሄዳለች፤ ሲመሽባት ሰው ቤት ታድራለች። መጀመሪያ ያመጣችው ሥራ እየተንቀጠቀጠ ራስ ያዞር ነበር። የሰው ጀርባና የአህያ ቂጥ ብቻ። «አህያ ለማየትማ ደጅ መውጣት ይበቃን ነበር» ብዬ ጎረቤት ፊት ሳቅሁባት። አላለቀሰችም። እንደገና ስትሄድ ከሰዉ ቀድማ እየሮጠች፣ ፊት ለፊት ቆማ መጠበቅን ተምራ መጣች። ከዚያ ደግሞ ካሜራውን ሳታወጣ ሸክም እየተቀበለች አብራ መዋል ጀመረች። ሰዉ ሲለምዳት ነበር የምታወጣው። እያደገች እንደ ነበር አሁን ይገባኛል። አይ፣ ያን ጊዜም ይገባኝ ነበር። ያናደደኝም እሱ ነው።

ለራሴ የነገርሁት ሌላ ነው። የልጅ ልጆቼን ሁሉ በአንድ ቁና ነው የሰፈርሁ አልሁ። አንዱ ያርሳል፣ አንዷ ውሃ ትቀዳለች፤ ስመኝ ለምን ዓይኗን ብቻ ይዛ ትዞራለች? ፍርድ ነው አልሁ። ፍርድ አልነበረም። ውዴ እኔን ሳታማክር ልጇን መርቃ ሸኝታት ነበር። በገዛ ቤቴ ምርቃት ያለ እኔ ወጣ፤ ያቃጠለኝ ይህ ነው።

በዚያ ዓመት ስመኝ ሞጣ፣ በአጎቴ ልጅ በደሴ ቤት ሰነበተች። ከሞጣ ቁልቁል ሲወርዱ ዓባይ ላይ ሰባራ ድልድይ አለ። መካከሉ ስለ ተሰበረ ሰው በገመድ ታስሮ፣ ከወዲያና ከወዲህ የቆሙ ጎበዞች እየሳቡት ነበር የሚሻገር። እህሉም፣ ፍየሉም፣ ነፍሰ ጡሯም በገመድ። ኋላ አዲስ የእግረኛ ድልድይ ተሠራና ገመዱ ሊቀር ሆነ። ስመኝ ገመድ ሳቢዎቹን ስትለማመጥ ከርማ እሺ ብለዋታል፤ በመጨረሻው የገበያ ቀን እሷንም ካሜራዋን እንደ ያዘች አስረው ሊያሻግሯት። ይህን ለእናቷ በሱቅ ስልክ ስትነግራት እኔ ውዴ አጠገብ ቆሜ ነበር። ቀኑን ሰማሁ። ቀኑን ማወቄን አትርሱብኝ።

ሞጣ እህል የሚጭን አንድ ነጋዴ ፈልጌ፣ «ውዴ አርፋለች፤ ለደሴ ንገርልኝ» አልሁት። ሰውየው ቆሞ አለቀሰልኝ። እንባውን እያየሁ አልመለስሁትም። ውዴ በዚያች ሰዓት ጓሮ ጌሾ ትለቅም ነበር፤ ድምጿ ይሰማኛል። የወለደ አፍ ይህን ይላል? የእኔ አፍ አለ።

ደሴ እንደ ወጉ ዘመድ ሰብስቦ ጎህ ሲቀድ መርዶውን ነገራት። ካሜራዋን አንግታ ወደ ዓባይ ልትወርድ ስትል ነበር አሉ።

ደጃፌ ስትደርስ ነጠላዋን ዘቅዝቃ፣ ፊቷን ቧጥጣ ነበር። «እናቴን፣ እናቴን» እያለች መሬት ወደቀች። ውዴ ሙቀጫውን ትታ ሮጣ ወጣች። ማን እንደ ሞተ ሳትጠይቅ ልጇ ላይ ተደፍታ እሷም ታለቅስ ጀመር። ሁለቱ ተቃቅፈው ለውዴ አለቀሱ። እኔ በሩ ላይ ቆሜ አየኋቸው። በመጨረሻ ስመኝ ቀና ብላ ያቀፈቻትን ስታይ የጮኸችው ጩኸት የደስታ አልነበረም። ደስታው ሁሉን ያስረሳል ብዬ ነበር። እንዲህ ብዬ ማሰቤን ማመካኛ አላደርገውም።

«ነጋዴው ነው የተሳሳተ» አልሁ። ያ ምስኪን ከዚያ ወዲህ ሟርተኛ ተብሎ ቀረ፤ እሱንም አልታደግሁትም። ስመኝ ግን ስለ ነጋዴው አልጠየቀችም። ፊቴን አየችው፤ የመንገደኛ ፊት እንደምታየው ቆይታ አየችው። ውዴ ውሃ ልታመጣላት ስትገባ፣ «እምዬ፣ ሁለተኛ ይህን ቃል ብትልኪብኝ አልመጣም» አለችኝ።

ሞጣ ስትመለስ ገበያው አልፏል፣ ገመዱም ተጠቅልሎ ተነሥቷል። ሰው በአዲሱ ድልድይ በእግሩ ይሄዳል።

ልቧ ተሰብሮ ወደ ሠርጉ ትመለሳለች ብዬ ጠበቅሁ። እሷ ገመድ ሳቢዎቹን በየቤታቸው ሄዳ፣ ባዶ እጃቸውን እየቀረጸች፣ ገመዱን እንዴት ይስቡ እንደ ነበር በእጃቸው እንዲያሳዩአት አደረገች። ሞጣ ቪዲዮ ቤት ስታሳየው መቀመጫ ጠፍቶ ሰው ቆሞ አየ አሉ። ከዚያ በጭነት መኪና ጎንደርን፣ ወሎን ዞረች፤ ማንም ሳይቀጥራት፣ ማንም ሳያዛት። ለእናቷ ትደውል ነበር። ከእኔ ጋር አታወራም።

ጥቂት ዓመት ቆይቶ ውዴ ታምማ ሳትሰነብት ሞተችብኝ። ቀድሜ በአፌ የገደልኋትን ልጅ እግዚአብሔር ወሰዳት። ወዲያው ለደሴ አስደወልሁ። ስመኝ በዚያ ሰሞን ሞጣ ነበረች፤ ስልክ የማይደርስበት ገጠር ልትወጣ ስንቋን ቋጥራለች። ደሴ መርዶውን ሲነግራት አላለቀሰችም።

«ማን ላከብህ?» አለችው።

«አያትሽ።»

«እንግዲያ እናቴ ደህና ናት» ብላ መንገዷን ሄደች።

ውዴን ያለ ልጇ ቀበርናት። ድንኳኑ ውስጥ ሴቶቹ ጀመሩ። አንዷ «ካሜራዋ ከእናቷ በለጠባት» ስትል ሌላዋ «ሬሳውን ቅረጪ ቢሏት ትመጣ ነበር» አለች። ሽማግሌዎቹ ወደ እኔ ዞሩ። «ለመሆኑ ተነግሯታል?» አሉኝ። ፍርድ አታጓድልም የሚሉኝ እኔን። «ተነግሯታል» አልሁ። እውነት ነው፣ ተነግሯታል። በዕድሜዬ ከዚያች እውነት የከፋ ውሸት ተናግሬ አላውቅም። በዚያ ላይ ማንም ሳይጠይቀኝ «ልቧ ድንጋይ ነው» ብዬ ጨመርሁበት። አንዲት ቃል ብናገር ልጅቱ ትድን ነበር። እኔ አልተናገርሁም። ያን ዕለት አልተናገርሁም፣ በተዝካሩም አልተናገርሁም።

ስመኝ እውነቱን ሰምታ ስትመጣ አፈሩ ደርቋል። ጎረቤት ሰላምታ ነሳት። የአብሮ አደግ ጓደኛዋ እናት በሯን ዘጋችባት። እሷ መቃብሩ ላይ ተቀምጣ ዋለችና ለማንም ምንም ሳትል ሄደች። ብትናገር የምዋረድ እኔ ነበርሁ። አልተናገረችም። አዝናልኝ ይሆን? ወይስ የሚያምናት እንደሌለ አውቃ? እኔስ ዝምታዋን እንደ ምሕረት ቆጥሬ ስንት ዓመት በላሁበት?

ባለፈው ዓመት እግሬ ሳይከዳኝ ብዬ ተነሣሁ። በእኛ አገር የበደለ ሰው ድንጋይ ማጅራቱ ላይ ተሸክሞ በተበደለው ደጅ ይቆማል፤ አውርድ እስኪባል። አያት ለልጅ ልጇ ስትሸከም አላየሁም። እኔ ግን ከውዴ መቃብር አጠገብ አንድ ድንጋይ አንሥቼ በአቁማዳ ከትቼ የሞጣ አውቶቡስ ተሳፈርሁ። ረዳቱ አቁማዳውን ሲያነሣ ወገቡን ይዞ፣ «እማማ፣ ሞጣ ድንጋይ ጠፋ ተባለ እንዴ?» አለኝ። ሰዉ ሁሉ ሳቀ። አቁማዳውን እግሬ ሥር አስቀምጥልኝ አልሁት።

ስመኝን በሯ ላይ ለጉዞ ሻንጣዋን ስታስር አገኘኋት። ጠጉሯ ጣል ጣል እያለ ሸብቷል። ድንጋዩን ማጅራቴ ላይ አድርጌ አጎነበስሁ። ሁሉንም ተናገርሁ፤ ነጋዴውን፣ ቀኑን ማወቄን፣ ድንኳን ውስጥ ያልሁትን። ካሜራዋ አጠገቧ ነበር፤ አላነሣችውም።

ስጨርስ ተጠግታ ድንጋዩን በሁለት እጇ አወረደችልኝ። መቀመጫ ሰጠችኝ፣ ውሃ ሰጠችኝ። ይቅር ያለችኝ መስሎኝ እጇን ልስም ስዘረጋ፣ ድንጋዩን አንሥታ አቁማዳዬ ውስጥ መልሳ ከተተችው። አፉንም አጥብቃ ቋጠረችው።

«እምዬ፣ እስከ ሞጣ ተሸክመሽ መጣሽ» አለች። «የዋሸሽው ግን ቢቸና ነው።»