ግንባሯ ላይ ያለው ስም

ቴሬሲታ የማኒላን የጂፕኒ ታክሲ ሾፌሮች ስታሠለጥን፣ አንድ አዛውንት ሾፌር ሁልጊዜ መስኮቱ ጥግ ይቀመጣል፤ ውጭ ያቆማትን መኪናውን ከዚያ ያያታል። ስልሳን አልፏል። ካንገቱ ፎጣ አይጠፋም። ከተሳፋሪ የተቀበለውን የፔሶ ኖት አጥፎ በመሃላቸው ሲሰካ የኖረባቸው የግራ እጁ ጣቶች ዛሬ ባዷቸውን እንኳ አይገጥሙም።

«ኩባንያ ገቢ የሚያገኝበትን መንገድ በጊዜው ካልለወጠ ይሞታል» አለች ቴሬሲታ። «አሮጌዎቹን መኪኖች አስረክባችሁ በማኅበር አዲስ ትገዛላችሁ። ባለድርሻም ደመወዝተኛም ትሆናላችሁ።»

ሰውየው እጁን አወጣ። «ማም፣ አዲሶቹ ላይ ስም የት ነው የሚጻፈው?»

«ስም የለም ታታይ» አለችው፣ አባባ ለማለት። « ሁሉም ነጭ ነው፤ ቁጥር ብቻ።»

«እሱ ከተማሪነት ይልቅ ቀለም ቀቢነት ይሻለው ነበር!» አለ ከኋላ አንዱ ሾፌር። ክፍሉ ሳቀ፤ ሰውየውም አብሮ ሳቀ።

በእረፍት ሰዓት ቴሬሲታ ስትወጣ፣ ሰውየው በመኪናው ግንባር ላይ በቀይ የተጻፈውን «ሊዋይዋይ» የሚል ስም በፎጣው ሲወለውል አገኘችው።

«ልጅዎ ናት ታታይ?»

«ነበረች። ትምህርት ቤት ሳትገባ ነው ያረፈችው። እናቷም ከሞተች ወዲህ ስሟን የሚጠራልኝ ተሳፋሪ ብቻ ነው። ከሩቅ ሲያያት፣ ‹ሊዋይዋይ መጣች!› ይላል።»

ፎጣውን ካንገቱ መለሰና ለቀጣዩ ትምህርት ቀድሟት ገባ።